ባለጠባሳው ይቅር ተባለ? ስለ «ፉልሜታል አልኬሚስት» ባላንጣ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የጃፓን አኒሜ የሚወዱ ሰዎች በተገናኙ ቁጥር ሳይነሣ የማይቀር ክርክር አለ። ክፉ የተባለ ገጸ ባሕርይ ያሳለፈው መከራ ከተነገረን በኋላ ጥፋቱ ይቀልለታል ወይስ አይቀልለትም? በዚህ ክርክር ውስጥ ሁልጊዜ የምጠራው አንድ ምስክር አለኝ፤ ግንባሩ ላይ መስቀለኛ ጠባሳ ያለበት፣ ቀኝ ክንዱ በንቅሳት የተሸፈነ ሰው። ስለ እሱ ደጋግመው የሚጠይቁኝን ከዚህ በታች ሰብስቤዋለሁ። መጨረሻውን ሳልደብቅ ነው የምጽፈው፤ ያላያችሁት አይታችሁ ተመለሱ።

ስሙ «ስካር» አይደለም እንዴ? ለምን ባለጠባሳው ትለዋለህ?

ነው፤ ችግሩ በእኛ ፊደል ሲጻፍ ነው። ጃፓኖቹ ቃሉን ከእንግሊዝኛ ወስደው «ሱካ» ይሉታል፤ ጠባሳ ማለት ነው። እንዳለ ወደ አማርኛ ስናመጣው ግን ምስኪኑን ሰውዬ ጠላ ቤት አስገብተን እናስቀምጠዋለን። አንድ ጓደኛዬ ስለ እሱ የጻፍሁትን አንብቦ «መጠጥ ያቆመው በስንተኛው ክፍል ነው?» ብሎ ጠይቆኛል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባለጠባሳው እለዋለሁ። ለነገሩ «ስካር»ም ቢሆን የራሱ ስም አይደለም፤ የሚያሳድዱት ወታደሮች ስሙን ስላላወቁ በመልኩ ያወጡለት መጠሪያ ነው።

ስለ የትኛው ሥራ ነው የምናወራው?

ስለ ሂሮሙ አራካዋ ማንጋ፣ ማለትም የጃፓን የሥዕል ልብ ወለድ። በጃፓንኛ «ሃጋኔ ኖ ሬንኪንጁትሱሺ» ይባላል። ከ2001 እስከ 2010 «ሾነን ጋንጋን» በተባለው ወርኃዊ መጽሔት በ108 ምዕራፎች ወጥቶ በ27 ቅጾች ተሰብስቧል። ቦንዝ የተባለው ስቱዲዮ ሁለት ጊዜ ወደ አኒሜ ቀይሮታል፤ በ2003 የጀመረው 51 ክፍል አለው፣ በ2009 የጀመረውና «ብራዘርሁድ» በሚል የሚታወቀው ደግሞ 64። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ሁለቱ ስለ ባለጠባሳው የሚነግሩን አንድ ዓይነት ስላልሆነ በተለይ ካልገለጽሁ በስተቀር የምናገረው ስለ ማንጋውና ስለ ብራዘርሁድ ነው።

ባላንጣ ነው ወይስ የተበደለ ሰው?

ሁለቱንም ነው፤ ግን መጀመሪያ የምንተዋወቀው ከባላንጣው ጋር ነው። ባለጠባሳው አሜስትሪስ በምትባለው የታሪኩ አገር ከተሞች እየተዘዋወረ የመንግሥት አልኬሚስቶችን፣ ማለትም አንዱን ዕቃ ወደ ሌላ የሚለውጥ ጥበብ ያላቸውን የመንግሥት ሠራተኞች፣ የሚገድል ሰው ነው። ቀኝ እጁን ፊታቸው ላይ ያሳርፋል፤ ሰውነታቸው ከውስጥ ይፈነዳል። የሚያድናቸው በሙያቸው ነው፤ ግለሰቡ ደግ ይሁን ክፉ አይጠይቅም። የታሪኩ ጀግና ኤድዋርድ ኤልሪክ ደግሞ በ12 ዓመቱ የመንግሥት አልኬሚስት ሆኖ የተቀጠረ ልጅ ነው። ማዕረጉን የሚያሳየውን የብር ሰዓት በኪሱ ይዞ ይዞራል። ያ ሰዓት ለኤድዋርድ የቤተ መጻሕፍት መግቢያና የደመወዝ ምልክት ነው፤ ለባለጠባሳው ግን ወገኖቹን የጨረሱት ሰዎች መታወቂያ ነው። አራካዋ የሁለቱን ግጭት ያቆሙት በዚህ አንድ ዕቃ ላይ ነው፤ እኔ ደግሞ ከብዙ ቃል ይልቅ ይህ ሰዓት ያሳምነኛል።

ምን ደርሶበት ነው?

ኢሽቫል በአሜስትሪስ ምሥራቅ የሚገኝ በረሃማ ምድር ነው። ሕዝቡ ጠይም ነው፤ ዓይኑ ቀይ። ኢሽቫላ የሚሉትን አንድ አምላክ ያመልካል፤ አልኬሚን ደግሞ የፈጣሪን ሥራ እንደ መድፈር ይቆጥረዋል። በታሪኩ ዓለም አቆጣጠር በ1901 አንድ የአሜስትሪስ ወታደር አንድ የኢሽቫል ሕፃን ተኩሶ ገደለ፤ ከዚያ ግርግር፣ ከግርግሩ ጦርነት ተወለደ። ሰባት ዓመት ሙሉ አልበርድ ሲል የአገሪቱ መሪ ኪንግ ብራድሌይ በ1908 ትእዛዝ ቁጥር 3066ን ፈረመ፤ አልኬሚስቶች እንደ ጦር መሣሪያ ተሰማሩ፣ ሕዝቡ ከሽማግሌ እስከ ሕፃን እንዲጠፋ ተፈረደበት። ኋላ እንደምንረዳው ያ የመጀመሪያው ጥይት ራሱ ሆን ተብሎ የተተኮሰ ነበር። ተኳሹ ወታደር መስሎ የቀረበ ሰው ሠራሽ ፍጡር ነበር፤ በዚያ ቦታ ብዙ ደም እንዲፈስ የፈለጉ ነበሩና።

ባለጠባሳው የዚያ ሕዝብ ተዋጊ መነኩሴ ነበር። ታላቅ ወንድሙ ግን ወገኖቹ እያወገዙት አልኬሚን የሚያጠና ምሁር ነበር፤ የራሱን ምድር አልኬሚና ከምሥራቅ፣ ከሺንግ አገር የመጣውን ጥበብ አዋሕዶ በሁለቱም ክንዶቹ ላይ ተነቅሶታል። ኪምብሊ የተባለ አልኬሚስት፣ ፍንዳታ እንደ ሙዚቃ የሚጥመው ሰው፣ ሰፈራቸውን አጋየው። ባለጠባሳው ክንዱን አጣ፤ ሊሞት ደረሰ። ወንድሙ የራሱን ቀኝ ክንድ ሰጠውና ሞተ። ቀሪውን ቤተሰቡን የሚቀብርለት እንኳ አልነበረም።

የነቃው በአንድ የሕክምና ስፍራ ውስጥ ነው። ሕይወቱን ያተረፉት ዩሪ እና ሳራ ሮክቤል የተባሉ ባልና ሚስት ሐኪሞች ናቸው፤ አሜስትሪሳውያን ሆነው ሳለ ትእዛዙን ጥሰው የኢሽቫል ቁስለኞችን ያክሙ ነበር። ዓይኑን ሲገልጥ የወንድሙ ክንድ በእሱ ትከሻ ላይ ነው፤ ከፊቱ የቆሙት ዓይናቸው ሰማያዊ ነው። ሁለቱንም ገደላቸው።

ሐኪሞቹን መግደሉ በእብደት ውስጥ ስለሆነ አያስጠይቀውም የሚሉ አሉ። እርስዎስ?

አልስማማም፤ ደራሲዋም የተስማሙ አይመስለኝም። በእርግጥ ራሱን አያውቅም ነበር ማለት ይቻላል። ነገር ግን አራካዋ ለዚህ ቀዳዳ አልተዉለትም፤ ባለጠባሳው ራሱ በታሪኩ ውስጥ አንድም ቀን «አላወቅሁም ነበር» ብሎ አይከራከርም። ብዙ የአኒሜ ባላንጣዎች ያለፈ ሕይወታቸው ሲገለጥ በእነሱ የተደረገው ሁሉ በእነሱ ላይ ከተደረገው ጥላ ሥር ይገባል። እዚህ ግን የመከራው ጫፍና የወንጀሉ ጫፍ አንድ ቦታ ላይ፣ በአንድ ጣሪያ ሥር፣ በአንድ ደቂቃ ተገናኙ። የሚያሳዝነውን ታሪክ ሳይነግሩን ይቅር የማይባለውን ሥራ ሊነግሩን አይችሉም፤ ለማዘን የሚቀርብ ሰው ሐኪሞቹን ረግጦ ማለፍ አለበት። የባለጠባሳው ታሪክ ከሌሎቹ ተለይቶ የሚከብደኝ በዚህ ነው።

በመጨረሻ ደግሞ እነዚያ ሐኪሞች የሩቅ ሰዎች አይደሉም። የኤድዋርድ የልጅነት ጓደኛ፣ የብረት እጁንና እግሩን የሠራችለት የዊንሪ ወላጆች ናቸው።

ያለፈ ሕይወቱ የሚነገረን መቼ ነው? ለውጥ ያመጣል?

እጅግ ያመጣል፤ እንዲያውም የጥበቡ ግማሽ እዚህ ላይ ያለ ይመስለኛል። መጀመሪያ ሲገድል እናየዋለን፤ ከዚያ ሰዎች ሲፈሩት፤ ከዚያ በስደተኞች መንደር ኢሽቫላውያን ቁስሉን ሲያክሙለት። ታሪኩ በቁርጥራጭ ይመጣል። ሙሉው የጦርነቱ ትረካ የሚገኘው በማንጋው 15ኛ ቅጽ፣ በብራዘርሁድ ደግሞ በ30ኛው ክፍል ነው።

ልብ በሉ፤ አብዛኛውን የሚተርኩት ገዳዮቹ ናቸው። ኤድዋርድ ሄዶ የሚጠይቃት ሪዛ ሆክአይን ነው፤ በዚያ ጦርነት ከሩቅ አነጣጥራ ስትገድል የነበረች ተኳሽ ናት። አለቃዋ ሮይ ማስታንግ ሰፈሮችን በእሳት ያጋየ ነው። እነዚህን ሰዎች እስከዚያ ድረስ ወድደናቸዋል፤ ቀልዳቸውን ስቀንላቸዋል። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይባላል፤ አራካዋ ግን የወጋው ራሱ እንዲያስታውስ፣ በራሱ አንደበት እንዲናገር አስገደዱት። ስለዚህ ትረካው ሲያልቅ ለባለጠባሳው ማዘን ብቻ ሳይሆን የምንወዳቸውን ሰዎች መልሰን መመዘን ግድ ይሆንብናል። ያለፈ ሕይወት በአንድ ባላንጣ ላይ የተለጠፈ ማብራሪያ መሆኑ ቀርቶ የሁሉም ገጸ ባሕርያት የጋራ ዕዳ ይሆናል።

ትንሿን ኒናን ለምን ገደላት? እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ኒና አባቷ ለምርምሩ ሲል ከውሻዋ ጋር ያዋሐዳት ልጅ ናት። ባለጠባሳው አባቷን ከገደለ በኋላ ፍጡሯን አየ፤ ወደ ነበረችበት የሚመልሳት እንደሌለ ተረድቶ ወደ አምላኩ ሸኛት። ይህ የሆነው ስለ እሱ ምንም ሳናውቅ ነው። ድርጊቱ ትክክል ነው አልልም። ግን እንደ ጭራቅ በቀረበልን ሰው ፊት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሐዘን ያየነው በዚያች ቅጽበት ነው፤ ኋላ የሚመጣው ለውጥ ከሰማይ እንዳልወረደ ማስረጃው ያ ነው።

ዊንሪ ይቅር አለችው?

በብዛት የምጠየቀው ይህ ነው፤ መልሱም አይደለም፣ አላለችውም። ሆኖም «አላለችውም» ብሎ ማቆም ነገሩን ያበላሸዋል።

ሁለት ጊዜ ይገናኛሉ። የመጀመሪያው በዋና ከተማዋ ጎዳና ላይ ነው፤ በብራዘርሁድ 22ኛው ክፍል። ኤድዋርድ ባለጠባሳውን ሲፋጠጠው ስለ ሁለቱ ሐኪሞች ይጮኽበታል፤ ዊንሪ ከኋላው ደርሳ እንደምትሰማ አላወቀም። ወላጆቿን የገደለው ሰው ይህ መሆኑን የተረዳችው በዚያ መንገድ ነው። መሬት ላይ የወደቀ ሽጉጥ አነሣች። ባለጠባሳው የመተኮስ መብት እንዳላት ይነግራታል፤ ከተኮሰች ግን ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ እንደ ጠላት እንደሚቆጥራት ጨምሮ ያስጠነቅቃታል። ደም መላሽ የሚያውቀው ሕግ ያ ብቻ ነው፤ ራሱ የሚኖርበትን ሕግ እኩል ለእሷም ይሰጣታል። መተኮስ አቃታት። ኤድዋርድ ሽጉጡን ከጣቶቿ አላቅቆ እጆቿ ሕፃን ያዋለዱ፣ እሱንም በእግሩ ያቆሙ እጆች መሆናቸውን ይነግራታል። እሷ ግን የምታለቅሰው መተኮስ ባለመቻሏ ነው፤ ይህን ብዙ ሰው ይዘነጋዋል። በዚያ ሰዓት ዊንሪ ደግ ሆና አልተወችውም፤ መበቀል ፈልጋ አልቻለችም።

ሁለተኛው በሰሜን፣ ባስኩል በተባለች በረዶ በሸፈናት የማዕድን ከተማ ነው። ባለጠባሳው ተይዟል፤ ክንዱ ቆስሏል። ዊንሪ ራሷ ልታነጋግረው ትጠይቃለች። ወላጆቿን ለምን እንደገደለ ትጠይቀዋለች፤ እሱም ምንም ቢናገር ሰበብ እንደሚሆን፣ የገደላቸው እጁ እንደሆነና የመፍረድ መብት እንዳላት ይመልስላታል። ከዚያ ጨርቅ አውጥታ ቁስሉን ታስርለታለች። ወላጆቿ ቢሆኑ ያደርጉት የነበረውን እንደምታደርግ ትናገራለች። ተገርሞ ይቅር እንዳለችው ሲጠይቃት ቃሉን ከአፉ ትነጥቀዋለች፤ ግፉን ይቅር አላለችም።

እኛ ለዚህ ነገር ብዙ ቃላት አሉን። ይቅርታ አለ፤ ተበዳዩ በፈቃዱ የሚሰጠው። ካሳ አለ፤ በዳዩ የሚከፍለው። ንስሐ አለ፤ በሰውና በፈጣሪው መካከል የሚያልቅ። ዕርቅ አለ፤ ሽማግሌ ተቀምጦ ሁለት ወገን የሚስማማበት። የአኒሜ አድናቂዎች ለባላንጣ መለወጥ የሚጠቀሙበት አንድ የእንግሊዝኛ ቃል እነዚህን አራቱንም በአንድ ከረጢት ስለሚከት ነው ክርክሩ ማለቂያ ያጣው። ለያይተን ስናየው በባስኩል የተደረገው ቀላል ነው። ዕርቅ አልነበረም። ይቅርታም አልነበረም። የቆሰለ ሰው ነበር፤ የሐኪሞች ልጅ ነበረች፤ ቁስሉ ታሰረ። ቀጥሎ የመጣው ደግሞ ከዚህም ይገርማል። ኪምብሊን ለማታለል ባለጠባሳው እንደ ታጋች ይዟት እንዲሄድ ሐሳቡን ያመጣችው ራሷ ዊንሪ ናት። ይቅር ያላላችውን ሰው አምና ተከተለችው። እኔ ይህንን አንብቤ ማንጋውን ለጊዜው ዘግቼ ተቀምጫለሁ።

ታዲያ ባለጠባሳውን የለወጠው ምንድን ነው?

አንድ ንግግር አይደለም። በዚህ ዘውግ ውስጥ ጀግናው ሁለት ገጽ ተናግሮ ጠላቱን የሚያስለቅስበት ልማድ አለ፤ ባለጠባሳው በስብከት የሚመለስ ሰው አይደለም።

አስተማሪው ግፍን ይቅር ማለትና ግፍን መታገሥ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ነግረውታል፤ ሰው በግፍ ሊቆጣ ይገባዋል፣ ግን የበቀሉን ሰንሰለት አንድ ሰው መበጠስ አለበት። ሲነገረው አልተቀበለም። ቃሉ ቦታ ያገኘው ከዊንሪ በኋላ ነው። በመካከሉ ደግሞ ዶክተር ማርኮ አለ። ማርኮ የኢሽቫል ሰዎችን ነፍስ ጨምቆ የፈላስፋ ድንጋይ፣ ማለትም የአልኬሚን ኃይል የሚያበዛ ድንጋይ፣ የሠራ ሐኪም ነው፤ ከባለጠባሳው የግድያ ዝርዝር አናት ላይ ሊሰፍር የሚገባው ሰው። ባለጠባሳው አገኘው፤ ፊቱን አበላሸው፤ ሕይወቱን ግን አልወሰደም። የወንድሙን ማስታወሻ የሚፈታለት ሰው ያስፈልገው ነበርና አብረው ወደ ሰሜን ሄዱ። ጅማሬው ጥቅም እንጂ ደግነት አልነበረም። ግን ከገዳይህ ጋር በበረዶ ውስጥ ሳምንታት ስትጓዝ፣ እንጀራችሁ አንድ ሲሆን፣ ጥላቻህን በመጀመሪያው ቀን ሙቀቱ ማቆየት ይከብዳል። ከሺንግ የመጣችው ትንሿ ሜይ ቻንግም ከነፓንዳዋ ከጎናቸው ናት፤ እሷ ደግሞ ከጅምሩ የማትፈራው ሰው ነች።

በባስኩል ከብሪግስ ምሽግ የመጣውን ማይልስን አገኘ። ማይልስ በአያቱ በኩል ኢሽቫላዊ ነው፤ ቀይ ዓይኑን በጥቁር መነጽር የሚሸፍን የአሜስትሪስ መኮንን። ባለጠባሳው እንደ ከሃዲ ይጠይቀዋል። ማይልስ ከውስጥ ሆኖ የሰዎችን አመለካከት መለወጥ እንደሚሻ ይነግረዋል። ሁለት ኢሽቫላውያን፣ አንዱ መግደልን ሌላው ማገልገልን የመረጠ፤ ክርክራቸው አጭር ነው፤ በእኔ ግምት ግን ከትልልቆቹ ውጊያዎች ሁሉ ይበልጣል።

የክንዶቹ ንቅሳት ትርጉም አለው ወይስ ለውበት ነው?

በዚህ ዓለም አልኬሚ ሦስት ደረጃ አለው፤ ዕቃው ከምን እንደተሠራ መረዳት፣ ማፍረስ፣ መልሶ መገንባት። የባለጠባሳው ቀኝ ክንድ ሁለተኛው ላይ ይቆማል። ያፈርሳል፤ አይገነባም። ኤድዋርድ ይህን ቀድሞ ሲገነዘብ እንደ ውጊያ ዘዴ ነበር የሚያወራው።

የወንድሙ ሌላኛው ክንድ ግን የመገንባቱን ንድፍ የያዘ ነበር፤ እሱ ከወንድሙ ጋር ጠፍቷል። ወንድሙ ትቶት የሄደው ማስታወሻ ሲፈታ ንድፉ ተገኘ። ባለጠባሳው በግራ ክንዱ ላይ አስነቀሰው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገለጥ በመጨረሻው ውጊያ ላይ ነው፤ ከኪንግ ብራድሌይ ጋር ሲፋለም ያፈረሰውን መልሶ መሬቱን እሾህ አድርጎ ያስነሣዋል። ሃይማኖቱ የሚከለክለውን ጥበብ በፈቃዱ ተቀበለ ማለት ነው። ወንድሙን በሕይወት ሳለ ያልተረዳው ሰው ከሞተ በኋላ ተረዳው። ስለ መለወጡ በአፉ የተናገረው ትንሽ ነው፤ ቆዳው ግን ነግሮናል።

ብራድሌይን መግደሉስ በቀል አይደለም?

በከፊል ነው፤ ታሪኩም አልሸፈነውም። ትእዛዝ 3066ን የፈረመው ሰው ከፊቱ ቆሟል። ፀሐይ ከግርዶሽ ስትወጣ ጨረሯ የብራድሌይን ዓይን መታው፤ በዚያች ቅጽበት ባለጠባሳው ሁለቱንም እጆቹን አጠፋቸው። ብራድሌይ ከዚያ በፊትም በብዙ ቁስል ተዳክሞ ነበር። ለእኔ የሚያመዝነው ቀጥሎ ያለው ነው፤ ባለጠባሳው ሬሳው ላይ አልቆመም። እየደማ ሄዶ ወንድሙ ያሰበውን የአልኬሚ ክበብ አንቀሳቀሰ፤ ሙሉዋ አገር፣ ማለትም ወገኖቹን የፈጀችው አገር፣ ከጥፋት የዳነችበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

የ2003ቱ አኒሜ ለምን ይለያል?

ማንጋው ገና አላለቀም ነበርና ታሪኩ በመሃል መንገዱን ቀየረ። በዚያኛው ሐኪሞቹን የገደለው ባለጠባሳው አይደለም፤ በትእዛዝ የገደላቸው ሮይ ማስታንግ ነው። ባለጠባሳው ደግሞ ሊዮር በተባለች ከተማ ሺዎች ወታደሮችን ለፈላስፋ ድንጋይ ሠውቶ ይሞታል፤ ድንጋዩንም በኤድዋርድ ወንድም በአልፎንስ ውስጥ ያኖረዋል። ሐዘኑ ይበልጣል፣ ጨለማውም ያምራል። ግን የዊንሪና የባለጠባሳው ጉዳይ ሙሉ በሙሉ ስለሚጠፋ ለእኔ ትልቁ ነገር ጎድሏል። ሞት ለደራሲ ምቹ ነው፤ የሞተ ባላንጣ ነገ ጠዋት ምን እንደሚሠራ አይጠየቅም።

ከሌሎች የአኒሜ ባላንጣዎች ጋር ሲነጻጸርስ?

ሁለት ብቻ ላንሣ። በ«ናሩቶ» ናጋቶ ወላጆቹ በጦርነት የተገደሉበት ልጅ ነው፤ አድጎ የናሩቶን መንደር ያወድማል። ከናሩቶ ጋር ከተነጋገረ በኋላ በመንደሩ የገደላቸውን ሁሉ አስነሥቶ ራሱ ይሞታል። የሚያስለቅስ ትዕይንት ነው፤ እኔም አልቅሻለሁ። ግን በማግስቱ ሳስበው የተሰማኝ መታለል ነው። የሞተው ሁሉ ከተነሣ ይቅርታው ምን አስከፈለ?

በ«ዴሞን ስሌየር» ደግሞ አካዛ አለ። ለታመመ አባቱ መድኃኒት ሲሰርቅ ክንዱ ላይ የወንጀለኛ ምልክት የተነቀሰ ልጅ ነበር፤ ኋላ ያስጠለሉትን አስተማሪውንና እጮኛውን ጎረቤቶች በጉድጓድ ውኃ መርዝ ገደሉበት። ይህን የምናውቀው ግን ሊሞት ሲል ነው። በዚያ ሥራ ውስጥ ያለፈ ሕይወት የሚመጣው እንደ ለቅሶ ግጥም ነው፤ ሟቹ ከተሸነፈ በኋላ ስለ እሱ ይባላል፣ ይለቀሳል፣ ይበተናል። በዚህ አሠራር ነቀፋ የለኝም፤ ዓላማው ሌላ ነው። የአካዛ ትዝታ ለመቅበር ነው የመጣው። ባለጠባሳው ግን ከትዝታው ጋር መኖር አለበት።

የተጨፈጨፈው ሕዝብ ታገሥ መባሉ ፍትሐዊ ነው?

ከተቃውሞዎች ሁሉ የከበደው ይህ ነው፤ ሙሉ መልስ አለኝ አልልም። ባለጠባሳው ሰንሰለቱን በጥስ ይባላል፤ ማስታንግስ? በመጨረሻ ማርኮ የማስታንግን የጠፋ ዓይን ለማዳን የፈላስፋ ድንጋይ ሲሰጠው ኢሽቫልን መልሶ እንዲያቋቁም ቃል ያስገባዋል። ያ ድንጋይ የተሠራው ከኢሽቫላውያን ነፍስ ነው። አጥፊው በሟቾቹ ነፍስ ዓይኑ ይበራለታል፤ ከዚያም የመልሶ ግንባታው ኃላፊ ይሆናል። ሆክአይ አንድ ቀን የኢሽቫል ጀግኖች እንደ ጦር ወንጀለኞች ፍርድ ቤት ሊቆሙ እንደሚችሉ ለኤድዋርድ ነግራዋለች፤ ያንን ፍርድ ቤት ግን አላየነውም። ለመጨረሻዎቹ ምዕራፎች ያለኝን ፍቅር ሳልቀንስ፣ ይህ የታሪኩ ደካማ ጎን ነው ብዬ አምናለሁ። ከባለጠባሳው የተጠየቀው ዋጋ ከማስታንግ ከተጠየቀው ይበዛል።

አራካዋ ይህን ሁሉ ከየት አመጡት?

ያደጉት በሆካይዶ፣ በወተት ከብቶች እርባታ ላይ ነው። የፈላስፋ ድንጋይ ስለሚባለው ነገር በማንበብ ጀመሩ፤ የጦርነቱን ክፍል ለመጻፍ ደግሞ ዜና ተከታትለዋል፣ ስደተኞችንና የቀድሞ ወታደሮችን አነጋግረዋል። ሆካይዶ ራሷ የአይኑ ሕዝብ ምድር የነበረች፣ ከ1869 ወዲህ የጃፓን መንግሥት በስፋት ያሰፈረባት ደሴት ናት። በዚያ አፈር ላይ ያደገ ሰው ስለ ኢሽቫል ሲጽፍ ከባዶ አልተነሣም።

ለልጆች ይሆናል?

ለታዳጊዎች የተጻፈ ነው፤ ሆኖም የኒና ክፍል ብቻውን የአንድ ሳምንት እንቅልፍ ይነሣል። ከ13 ዓመት በታች ላለ ልጅ ከጎኑ ተቀምጣችሁ እዩለት።

በመጨረሻ እውነተኛ ስሙ ማን ነው?

አልተነገረም። ከውጊያው በኋላ ሁሉም ሞቷል ብለው ነበር፤ ከአልጋ ላይ ሲነቃ ጄኔራል ኦሊቪየር አርምስትሮንግ ስሙን ጠየቀችው። ሁለት ጊዜ ለሞተ ሰው ስም እንደማያስፈልገው፣ የፈለገችውን ብትለው ግድ እንደሌለው መለሰላት። ከዚያ ከማይልስ ጋር ወደ ኢሽቫል ሄደ። ይህን ለዚያ ጓደኛዬ ስነግረው «እንግዲያው ሰካራሙ ብለውም አይቀየመኝም ማለት ነው» አለኝ።